የመንዝ በግ ጠጉር ለምን አልፈተል አለኝ? ለአንዲት ጥጥ ፈታይ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄ፦ «የምኖረው ከደብረ ብርሃን ወጣ ብሎ ነው። ከእናቴ የቀሩ ዘጠኝ የመንዝ በጎች አሉኝ። ጥጥ መፍተል ከልጅነቴ ጀምሮ የምችለው ሥራ ነው፤ ለጋቢም ለኩታም የሚሆን ፈትል አወጣለሁ። ዘንድሮ የበጎቼን ጠጉር ሸልቼ ለመፍተል ብሞክር ግን ክሩ ይበጣጠሳል፣ የተረፈውም ይሻክራል፣ ቢታጠብም የበረት ሽታው አይለቅም። ሐሳቤ ለልጄ ሹራብ መሥራት ነበር። ጎረቤቶቼ ‹የመንዝ በግ ጠጉሩ ለምንም አይሆንም፣ ከውጭ ዝርያ ጋር አዳቅያቸው› ይሉኛል። ጥፋቱ የእጄ ነው ወይስ የበጎቹ?»

ምላሽ፦

እህቴ፣ ለኩታ የሚሆን ፈትል የሚያወጣ እጅ የበግ ጠጉር ያቅተዋል ብዬ አላምንም። በጎቹም ምንም አላጠፉም። ሥራው የተበላሸው ከመቀሱ በኋላና ከእንዝርቱ በፊት ባለው ጊዜ ነው። ጥያቄዎን ሳነብ የተረዳሁት፣ ጠጉሩን ሸልተው፣ አጥበው፣ እንደ ጥጥ አባዝተው ወዲያው ወደ መፍተል እንደገቡ ነው። ለጥጥ ይህ ይበቃል። ለመንዝ በግ ግን አይበቃም። ስለ ሹራቡና ስለ ማዳቀሉ ደግሞ ከወዲሁ ልንገርዎት፦ ሁለቱንም ይተዉ። ምክንያቱን ወደ ታች እመለስበታለሁ።

በመጀመሪያ በእጅዎ ያለው ነገር ምን እንደሆነ እንይ። የመንዝ በግ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,500 ሜትር ከፍ ባለ፣ ሌሊቱ ውርጭ በሚጥልበት አገር የሚኖር ትንሽ በግ ነው። ላቱ አጭርና ሞላ ያለ ነው፣ ጫፉም ይጠመዘዛል። ይህ በግ ብርዱን የሚችለው ሁለት ልብስ ደርቦ ስለሚለብስ ነው። ከላይ ረጅም፣ ሻካራና ቀጥ ያለ ጠጉር አለው፤ ዝናቡን ወደ ታች የሚያፈስስለት ይህ ነው። ከሥር አጭር፣ ቀጭንና የተጠቀለለ ሱፍ አለው፤ ሙቀቱን የሚይዝለት ይህኛው ነው። በሁለቱ መካከል ደግሞ ፈታዮች የምንጠላው ሦስተኛ ነገር ይገኛል፦ አጭር፣ ደረቅ፣ ኖራ የተቀባ የሚመስል ጠጉር። ውስጡ ክፍት ስለሆነ ሲጠመዘዝ ይሰበራል፣ ቀለም በደንብ አይቀበልም፣ ከተሠራው ልብስም ላይ ሳያቋርጥ ይረግፋል። እርስዎ ሦስቱን ቀላቅለው ለአንድ እንዝርት ሰጡት። ረጅሙ ሲሳብ አጭሩ ወደኋላ ይቀራል፣ ተሰባሪው በመካከል ይረግፋል፣ ክሩም እዚህ ቀጥኖ እዚያ ይወፍራል። የቀጠነው ቦታ ይበጠሳል፤ የወፈረው ይሻክራል።

ይህን ራስዎ ማረጋገጥ ይችላሉ። የተበጠሰውን ክር ጫፍ ወደ ብርሃን ይዘው ይመልከቱ። ጫፉ ተበትኖ ዘለላዎቹ ረዝመውና አጥረው ከታዩ፣ ዘለላዎቹ ከመበጠሳቸው በፊት ተንሸራተው ተለያይተዋል ማለት ነው፤ ጥምዘዛ አንሶታል ወይም እጆችዎ ከሚገባው በላይ ተራርቀዋል። ጫፉ በምላጭ እንደተቆረጠ እኩል ከሆነ ግን ጠጉሩ ራሱ ደካማ ነው፣ አለበለዚያም ጥምዘዛው በዝቶበታል። የጠጉሩን ድካም ለመለየት ካልታጠበው ውስጥ እርሳስ የሚያህል ውፍረት ያለው ቁንጣሪ ወስደው ሁለቱን ጫፎች ይያዙ፣ ወደ ጆሮዎ ያስጠጉና በድንገት ሳብ ያድርጉት። ደህና ጠጉር ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል። ከተንኮሻኮሸ፣ ወይም ዘለላዎቹ ሁሉ በአንድ ልክ ላይ ከተበጠሱ፣ በጉ በዚያ ሰሞን ተርቦ ወይም ታሞ ነበር፤ አለበለዚያ እናቲቱ የመጨረሻው የእርግዝና ጊዜ ወይም ማጥባቱ ከብዷት ነበር። ጠጉር ቀን በቀን ስለሚያድግ የዓመቱ ኑሮ በርዝመቱ ላይ ተመዝግቦ ይቀራል። በእኛ አካባቢ ይህን ድካም ብዙ ጊዜ የማየው ድርቆሹ አልቆ ግጦሹ ባልበቀለበት በበጋው መጨረሻ ላይ ባደገው ክፍል ነው። ስለዚህ ለፈታይ የሚጠቅመው የመጀመሪያው መሣሪያ ከዚያ ወቅት የሚያሻግር የመኖ ክምር ነው። ደካማውን ጠጉር ለትራስ ያድርጉት እንጂ በእንዝርት ላይ አይድከሙበት።

ስለ መሸለቱ ጥቂት ልበል። የአገራችን ሰው በግን የሚሸልተው አብዛኛውን ጊዜ ጠጉሩ ስለከበደውና መዥገሩን ለማየት ስለሚመች ነው እንጂ ጠጉሩን ፈልጎት አይደለም። በመቀሱ አሠራር ላይም ይህ ይታያል፤ አንዱን ቦታ ሁለቴ ሦስቴ ይመላለሱበታል። ሁለተኛው ቆረጣ የሚያወጣው የጥፍር ርዝመት ያለው ብናኝ ነው፤ እሱም በክሩ ላይ እንክብል እንክብል ሆኖ ይቀራል። መቀሱ ቆዳውን ተከትሎ አንድ ጊዜ ይለፍ፤ የተረፈ ጉቶ ቢኖር ይቅር፣ ለከርሞ ይደርሳል። ሌላው ደግሞ በጉን በማዳበሪያ ከረጢት ላይ አያስተኙት፣ ጠጉሩንም በእሱ አያስቀምጡ። የከረጢቱ የፕላስቲክ ክር ተፍረክርኮ ከጠጉሩ ጋር ከተቀላቀለ የሚያወጣው የለም፤ ቀለም ሲነከር ደግሞ ነጭ ሆኖ ይስቅብዎታል። አሮጌ ነጠላ ወይም አንሶላ ያንጥፉ።

ጊዜውን በተመለከተ ከጥቅምት እስከ ጥር ባለው የውርጭ ወቅት መሸለት በጉን መግደል ነው፤ ሐምሌ ላይም እርጥብ ጠጉር ይሻግታል። ለእርስዎ አካባቢ የምመርጠው ሚያዝያ መጨረሻንና ግንቦትን ነው፤ ክረምቱ እስኪገባ ጥቂት ጠጉር ያበቅላሉ። ለመውለድ የተቃረበችውን በግ አይንኩ። ለበዓል ሊሸጡት ያሰቡትን ሙክት ደግሞ ቢያንስ ሁለት ወር ሲቀረው መቀስ አያሳዩት። የተሸለተ በግ ገበያ ላይ ከሳ ብሎ ስለሚታይ ከጠጉሩ የሚያገኙት ከዋጋው የሚያጡትን አይክስም።

አሁን ዋናው ሥራ ላይ ደርሰናል፤ እሱም መለየት ነው። ከአንድ በግ የወጣውን ጠጉር ሳይበታትኑ ዘርግተው ከትከሻና ከጎን የወጣውን ለብቻ ያስቀምጡ፤ ምርጡ ያ ነው። የጭኑ ይሻክራል፤ ለምንጣፍ ይሆናል። የሆዱ የተጣበቀና ጭጎጎት የሞላበት ነው። በላቱ ዙሪያ ያለው ፋንድያ የያዘው ክፍል ደግሞ በጎመን ሥር ይቀበር፤ ቀስ እያለ የሚበሰብስ ናይትሮጅን ያለው ማዳበሪያ ነው። ብዙ ሰው እዚህ ላይ እጁ ይሳሳል። ግማሹን መጣል ኪሳራ ይመስለዋል። መጥፎውን ከጥሩው ጋር አጥቦ፣ ነድፎ፣ ፈትሎ የሚያወጣው ልፋት ግን ከዚያ የባሰ ኪሳራ ነው።

ከትከሻና ከጎን ያስቀሩትን እንደገና በሁለት ይክፈሉት። አንድ ቁንጣሪ ይያዙ፤ ረጃጅሞቹን ጫፎች በአንድ እጅ፣ ሥሩን በሌላው። ቀስ ብለው ሲስቡ የላይኛው ረጅም ጠጉር ከላይ ይወጣል፤ የሥሩ ሱፍ በሌላው እጅዎ ውስጥ ይቀራል። ያ ደረቅና ተሰባሪ ነጭ ጠጉር ከሁለቱም ሲራገፍ አብሮ ይወድቃል። በአይስላንድ የሚገኙት በጎችም እንደ እኛዎቹ ሁለት ልብስ ያላቸው ናቸው፤ የዚያ አገር ሰዎች ሁለቱን በእጅ እየለዩ ከረጅሙ ጠንካራ ክር፣ ከሥሩ ደግሞ ገላ የሚነካ ልብስ ሲሠሩ ኖረዋል። ሥራው አሰልቺ ነው፤ አልዋሽዎትም። ነገር ግን ቡና እየተፈላ፣ ወሬ እየተወራ የሚሠራ ነው፤ ልጆችም ይችሉታል።

ሽታው አልለቅ ያለዎት በአስተጣጠቡ ምክንያት ይመስለኛል። በጠጉሩ ላይ ሁለት የተለያዩ ነገሮች አሉ። አንደኛው የደረቀ ላብ ነው፤ ይህ ጨው ስለሆነ በቀዝቃዛ ውሃ ይሟሟል። ሁለተኛው ቅባት ነው፤ እሱ በቀዝቃዛ ውሃ አይነቃነቅም፣ በለብታም ለስለስ ብሎ መልሶ ይረጋል። ስለዚህ መጀመሪያ ጠጉሩን በቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ አሳድረው የሚወጣውን ቡናማ ውሃ ይድፉት፤ ሽታው በአብዛኛው ከዚህ ጋር ይሄዳል። ቀጥሎ 60 ዲግሪ አካባቢ የሞቀ ውሃ ያስፈልግዎታል። ቴርሞሜትር ከሌለዎት አይጨነቁ፤ ደብረ ብርሃን ከፍታዋ ከፍ ያለ ስለሆነ ውሃ የሚፈላው 91 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው። ሁለት እጅ የፈላ ውሃ ከአንድ እጅ ቀዝቃዛ ጋር ሲቀላቅሉ በሳፋው ውስጥ የሚፈልጉትን ያህል ሙቀት ያገኛሉ። ሳሙናውን ውሃው ውስጥ አስቀድመው ያሟሙት። ጠጉሩን ከላይ አስቀምጠው በራሱ እንዲሰምጥ ይተዉት፤ ሩብ ሰዓት ይቆይ፤ ውሃው ሳይቀዘቅዝ ያውጡት። ከዚያም እኩል በሞቀ ንጹሕ ውሃ ሁለት ጊዜ ያለቅልቁት።

ጥጥ እንደለመዱት አይሹት፣ አይጨምቁት፣ ከሙቅ ወደ ቀዝቃዛ ውሃም በድንገት አይጣሉት። የሱፍ ዘለላ ገጽ በጥቃቅን ቅርፊቶች የተሸፈነ ነው፤ ሙቀት፣ ሳሙናና እሽት አንድ ላይ ሲያገኙት ቅርፊቶቹ እርስ በርስ ተቆላልፈው ጠጉሩ ወደ አንድ ምንጣፍ ይለወጣል፣ ከዚያም በኋላ አይፈታም። የአመድ ውሃም አይጠቀሙ፤ ሱፉን ይበላዋል። የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና ይበቃል። እንዶድ ካለዎት ደግሞ እሰየው፤ ሸማ ያነጣው አረፋ ለሱፍም ለስላሳ ነው። ሲወቅጡት ግን አቧራው አፍንጫና ዓይን ስለሚያቃጥል አፍዎን ይሸፍኑ፤ እጣቢውንም ወደ ወንዝ አይድፉ። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 የእንዶድን ኃይል የደረሱበት አድዋ አካባቢ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው አይተው ነበር። ቢልሃርዚያን የሚያዛምቱ ቀንድ አውጣዎችን በመግደል በረከት የሆነው ይኸው ኃይል ዓሣውንም አይምርም።

የደረቀውን የሥር ሱፍ በደጋን ይንደፉት። እጅዎ በጥጥ ስለለመደ እዚህ ምንም የምነግርዎት የለም፤ የደጋኑን ጅማት ትንሽ ላላ ያድርጉት እንጂ። የላይኛውን ረጅም ጠጉር ግን ደጋን አያስነኩት። እሱ የሚፈልገው ማበጠሪያ ነው፤ ጥርሱ የጠነከረ የብረት ማበጠሪያ ይዘው ዘለላዎቹ ሁሉ ወደ አንድ አቅጣጫ እስኪተኙ ያበጥሩት። በደጋን የተነደፈ ሱፍ ዘለላው በየአቅጣጫው ስለሚተኛ አየር ይይዛል፣ ክሩም ያበጠና ሞቃት ይሆናል። የተበጠረው ደግሞ ጠፍጣፋ፣ የሚያብለጨልጭና ጠንካራ ክር ይሰጣል። አንዱ ማግ፣ ሌላው ድር ነው። ሸማኔ ዘንድ የሚወስዱት ከሆነ ይህን ይንገሩት፤ ለድር የመጣለት ክር ከምን እንደተፈተለ ሳያውቅ ጎትቶ ከበጠሰው ጥፋቱን በእርስዎ ላይ ያደርጋል።

እንዝርቱ ላይ የጥጥ እጅዎ ሁለት ነገሮችን መርሳት አለበት። የመጀመሪያው ርቀት ነው። የጥጥ ዘለላ ርዝመቱ ሦስት ሳንቲ ሜትር ገደማ ስለሆነ ጣቶችዎ ተቀራርበው መሥራት ለምደዋል። የበግ ጠጉር ዘለላ ግን ከዚያ ሁለትና ሦስት እጥፍ ይረዝማል። ጣቶችዎ ከተቀራረቡ የአንዱን ዘለላ ሁለት ጫፎች በሁለት እጅዎ ይዘውታል ማለት ነው፤ ቢስቡት አይሳብም፣ ሲያስገድዱት ይበጠሳል። ስለዚህ አንድ ዘለላ ከቁንጣሪው ነቅለው ርዝመቱን ይለኩ፣ በሁለቱ እጆችዎ መካከል ከዚያ ትንሽ የበለጠ ክፍተት ይተዉ። ሁለተኛው ጥምዘዛ ነው። ጥጥ አጭር ስለሆነ ብዙ ጥምዘዛ ካልተሰጠው አይያዝም፤ ሱፍ ግን ቅርፊቱና ጥቅልሉ ስለሚያያይዘው በጥቂቱ ይቆማል። ክሩ ሲላላ በራሱ ላይ እየተጠማዘዘ የሚቋጠር ከሆነ አብዝተውበታል። የሻከረብዎትም ምናልባት በዚህ ሊሆን ይችላል፤ ብዙ የተጠመዘዘ ክር ለስላሳውንም ሱፍ ያደርቀዋል።

የጥጥ እንዝርትዎ ለዚህ ሥራ ቀላል ነው። ከ30 እስከ 50 ግራም የሚመዝን ቢያሠሩ ለወፈር ያለ የሱፍ ክር ይስማማል፤ እስከዚያው በክቡ ላይ የወፍራም ቆዳ ክብ ቢጨምሩበት ይሠራል። ከጭንዎ ላይ አሽከርክረው መልቀቅ እንደለመዱት ይሁን፤ ክሩ ግን ሲሳብ ትንሽ ቀስ ይበሉ፣ ጥምዘዛው ራሱ ወደ ቀጠነው ቦታ እየሮጠ ይገባል፤ የወፈረውን ቦታ እየፈቱ ለማሳሳት ጊዜ ይሰጥዎታል። ሁለቱን ልቃቂት ሲያጣምሩ በተቃራኒ አቅጣጫ ያሽከርክሩ፤ ቀድሞ በቀኝ ከጠመዘዙ አሁን በግራ። ከዚያ ክሩን በለብ ያለ ውሃ ነክረው፣ ውሃውን በፎጣ መጥጠው፣ በጥላ ሥር ይስቀሉት። ጥምዘዛው ያርፋል፣ ክሩም ያብጣል። ከዚህ በፊት የክሩን ጥሩነት አይፍረዱ፤ ያልታጠበ የሱፍ ክር ሁልጊዜ ከእውነተኛ መልኩ የከፋ ሆኖ ይታያል።

ወደ ሹራቡ ልመለስ። ገላ የሚቆረቁረው ሱፍ ስለሆነ አይደለም፣ ወፍራም ስለሆነ ነው። የዘለላው ጫፍ ከ30 ማይክሮን በላይ ሲወፍር፣ ማይክሮን የሚሊ ሜትር አንድ ሺህኛ ነው፣ ቆዳ ሲነካው አይታጠፍም፣ ይወጋል። በልብሱ ውስጥ ከመቶ ዘለላ አምስቱ እንኳ እንዲህ ከሆኑ ብዙ ሰው ይቆረቁረዋል። ለሹራብ የታወቀው የሜሪኖ ሱፍ 20 ማይክሮን አካባቢ ነው። የመንዝ በግ የላይኛው ጠጉር ከዚያ ጋር የሚወዳደር ነገር አይደለም፤ የሥሩ ሱፍ ቢለሰልስም እርስዎ በእጅ ሲለዩት ጥቂት ወፋፍራም ዘለላዎች አብረው መምጣታቸው አይቀርም። የልጅ አንገት ደግሞ ይቅርታ አያውቅም። ከግልገሎቹ የመጀመሪያ ሽልት የሥሩን ሱፍ ብቻ ሰብስበው ካልሲ ወይም ከሸሚዝ በላይ የሚለበስ ትንሽ ጃኬት ይሞክሩ። ሹራቡን ከገበያ ክር ይሥሩለት።

የመንዝ ጠጉር ጌታ የሚሆንበት ሌላ ቦታ አለ። ባና፣ ዝተት፣ ምንጣፍ፣ የወንበር ልባስ፣ የትከሻ ቦርሳ ይሠራበታል። ሻካራነቱ እዚህ ዕድሜ ነው። ወፍራም ዘለላ ሲረገጥ ይታጠፍና ተመልሶ ይቆማል፤ ለስላሳ ሱፍ ግን መሬት ላይ ሲነጠፍ በአጭር ጊዜ ተላልጦ ያልቃል። ሱፍ ከክብደቱ ሲሶ የሚጠጋ እርጥበት ጠጥቶ ሲነኩት ደረቅ ይመስላል፣ እርጥበቱን ሲጠጣም ጥቂት ሙቀት ይለቃል። በርኖስ ለብሶ ጭጋግ ውስጥ የዋለ እረኛ ይህን ያለ ላቦራቶሪ ያውቀዋል። እሳትም ሲነካው ይከስላል እንጂ እንደ ጥጥ ቦግ ብሎ አይነድም፤ ምድጃ ዳር ለሚነጠፍ ነገር ትንሽ ጥቅም አይደለም።

ቀለም ለመንከር አይቸኩሉ። ጥቁር፣ ቡናማ፣ ነጭና ግራጫ በጎች በአንድ በረት ያለው ሰው ነጋዴ የሚሸጠውን ቀለም ምን ያደርግለታል? ጥቁሩ ጫፉን ፀሐይ ስለሚያቀላው ሲፈተል ሞቅ ያለ ቡናማ ጥላ ይወጣዋል፤ እኔ ይህን ከየትኛውም ቀለም አስበልጣለሁ። መንከር ካለብዎት ነጩን ይንከሩ። ለአንድ ኪሎ ደረቅ ሱፍ 100 ግራም ሾብ (ቀለሙን ሱፉ ላይ የሚያስይዝ ጨው) በውሃ አሟምተው ሱፉን በውስጡ ቀስ ብለው አንድ ሰዓት ያህል ያሙቁት፣ እዚያው ይቀዝቅዝ። ከዚያ የቀይ ሽንኩርት ልጣጭ ወርቃማ ቢጫ ይሰጥዎታል፤ ቅቤ የምናነጥርበት መቅመቆ ደግሞ ከቢጫ እስከ ቀላ ያለ ቡኒ ያወጣል። እርድ መጀመሪያ ዓይን ይማርካል፣ ፀሐይ ላይ ግን ወዲያው ይከዳል።

ስለ ማዳቀሉ ጎረቤቶችዎ በቅንነት ነው የመከሩዎት። ደብረ ብርሃን ራሷ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ የውጭ ዝርያዎች የተሞከሩባት ከተማ ናት፤ ኮሪዴልም አዋሲም መጥተዋል። ለሥጋና ለክብደት የሚያረባ ሰው አዋሲ ዲቃላ ቢፈልግ አልቃወምም፣ የሚያበላው ካለው። ለፈታይ ግን ሌላ ነው። በአሜሪካ ደቡብ ምዕራብ የሚኖሩትን የናቫሆ ሕዝብ ታሪክ ልንገርዎት። ስፔናውያን ካመጡት ቹሮ ከሚባል በግ ረጅም፣ ቅባቱ ያነሰና ሁለት ልብስ ያለው ጠጉር እየሸለቱ፣ ብዙም ሳያጥቡት በእንዝርት ፈትለው በዓለም የታወቀውን ምንጣፋቸውን ይሠሩ ነበር። ከዚያ የመንግሥት ባለሙያዎች መጥተው በጉ እንዲሻሻል ራምቡዬ ከሚባለው የፈረንሳይ ሜሪኖ ጋር አዳቀሉላቸው። ሥጋው ጨመረ። ሱፉ ግን አጭር፣ ቅባት የበዛበትና በጥቃቅኑ የተጠቀለለ ሆነ፤ ውሃ በሌለበት በረሃ አይታጠብም፣ በእጅም አይፈተልም። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ደግሞ ግጦሹ ተጎዳ ተብሎ መንጋው በመንግሥት ትእዛዝ ተቀነሰ። እ.ኤ.አ. በ1977 ላይል ማክኒል የተባሉ፣ ኋላ በዩታ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ያስተማሩ ምሁር የቀሩትን ቹሮዎች ከየገደሉ ለቅመው ማራባት ሲጀምሩ ዝርያው ሊጠፋ ጥቂት ቀርቶት ነበር።

የእርስዎ በጎች ደግሞ ከጠጉራቸው ሌላ የያዙት ነገር አለ። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ደብረ ብርሃን ላይ የመንዝና ከምዕራብ ኢትዮጵያ የመጡ የሆሮ በጎች ጎን ለጎን ሲጠኑ የመንዝ ግልገሎች ሞት ያነሰ ነበር። ዘጠኝ በግ ላለው ሰው አንድ ግልገል መትረፉ ከአንድ ኪሎ ሱፍ ይበልጣል። ማሻሻል ከፈለጉ በራሳቸው ውስጥ ያሻሽሉ፦ የሥሩ ሱፍ የበዛለትን፣ ያ ነጭ ተሰባሪ ጠጉር ያነሰበትን፣ ጠጉሩ ከትከሻ እስከ ጭን እኩል የሆነውን አውራ በግ ያስቀሩ። ዓመት ሳይሞላው ጥሩ የሆነውን ወንድ ለበዓል መሸጥ የሁላችንም ልማድ ነው፤ መንጋው የሚቀጭጨው በዚህ ነው። አውራው የገዛ ሴት ልጆቹን ሳያጠቃ ከጎረቤት ጋር ይለዋወጡ። እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ በመንዝ ገበሬዎች አውራ በጎችን በጋራ መርጠው የሚያራቡበት አሠራር ተጀምሯል። ዋና መስፈርታቸው ዕድገት ቢሆንም፣ ጠጉር የሚያይ ዓይን ያለው አንድ ሰው መካከላቸው ቢገባ ጉዳት የለውም።

ገንዘቡን ካላነሳሁ ምላሼ ጎዶሎ ይሆናል። ከአንድ የመንዝ በግ በዓመት አንድ ኪሎ ጠጉር ማግኘት ከባድ ነው። ግማሽ ኪሎ ብንል ከዘጠኙ አራት ኪሎ ተኩል ይወጣል፤ ተለይቶና ታጥቦ ከሁለት ኪሎ ብዙም አይበልጥም። ለሙሉ ባና አይበቃም፤ ለመደብ ልባስ ይበቃል። በግራም አንድ ሜትር የሚሆን ወፍራም ክር ቢፈትሉ ሁለቱ ኪሎ 2,000 ሜትር ነው። የለመደ እጅ በእንዝርት በሰዓት 50 ሜትር ቢያወጣ 40 ሰዓት የመፍተል ሥራ ብቻ ነው፤ መለየቱ፣ ማጠቡና መንደፉ ቢያንስ ያንኑ ያህል ይጨምርበታል። ስለዚህ ክሩን በኪሎ ለነጋዴ አይሽጡ፤ የፋብሪካ ብርድ ልብስ ዋጋ ይዞ ይከራከርዎታል፣ ልፋትዎም በአንድ ቀን ይቀልጣል። ሸማኔውን በስምምነት ከፍለው፣ ያለቀለትን ምንጣፍ ወይም የወንበር ልባስ በበጉ በራሱ ቀለም እንደተሠራ ተናግረው ይሽጡ። የጎረቤቶችዎን ጠጉርም ይጠይቁ፤ ብዙዎቹ ከሸለቱ በኋላ አጥር ሥር ነው የሚጥሉት። በሚያዝያ ቀድመው ደርሰው ነጠላዎን ቢያነጥፉላቸውና መቀሱን ራስዎ ቢይዙ በነፃ ይሰጡዎታል።

እስከዚያው ያለዎትን ጠጉር ብል እንዳይበላብዎት። ብል የሚፈልገው ላብና ቅባት ያለበትን ጠጉር ስለሆነ ያልታጠበውን ቤት ውስጥ አያሳድሩ፤ የታጠበውን በደንብ አድርቀው በጥጥ ከረጢት ቋጥረው ይስቀሉት። የጥድ ፍቅፋቂ ቢጨምሩበት ይረዳል፤ በየወሩ አውጥቶ ፀሐይ ላይ ማራገፍ ግን ከጥዱ ይበልጣል። ክሩን ከፈተሉ በኋላም እንዲሁ ያድርጉ። መጀመሪያ የሚለዩትን ጠጉር ከአንዲቷ ጥቁር ወይም ቡናማ በግ ብቻ ያድርጉት፤ ነጭ ተሰባሪው ጠጉር በጥቁሩ መካከል ጎልቶ ስለሚታይ ዓይንዎ ቶሎ ይለምደዋል።